ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ አያያዝና ስለ ምሥጢር ቍጥሮቹ አጠባበቅ

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ቀን ከሌት ከእጃችሁ የማይለይ፣ ለአንዳንዶቻችሁም ገና በቅርቡ ከልጅ ወይም ከዘመድ ተልኮ የደረሳችሁ ባለቍልፉ ተራ የእጅ ስልክ ነው። ፊቱ በጣት እየተዳሰሰ ስለሚሠራው ስለ ትልቁ ስልክ በሌላ ቀን ሌላ ሰው ይናገር ይሆናል፤ እኔ የምናገረው ከፊቱ የቍጥር ቍልፎች፣ ከኋላው የሚከፈት ክዳን፣ ከአናቱ ትንሽ መብራት ስላለው፣ ዋጋው ያነሰ፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ብዙ ቀን የሚቆይ፣ ቢወድቅም ቶሎ ስለማይሰበረው ስልክ ነው።

ይህ ስልክ ቀላል ነው ይባላል፤ ቀላልነቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በቀላልነቱ ምክንያት ባለቤቱ አረንጓዴውንና ቀዩን ቍልፍ ብቻ ለይቶ ሲያበቃ፣ የቀረውን ሁሉ፣ ሲም ካርድ ማስገባቱንም፣ ምሥጢር ቍጥር ማውጣቱንም፣ ሂሳብ መሙላቱንም፣ ለጎረቤት ልጅ ወይም በየመንገዱ ዳር ካርድ ለሚሸጠው ወጣት ትቶ መኖሩ የተለመደ ሆኗል። ስልኩ ለመነጋገሪያ ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ የከፋ ጉዳት አላመጣም፤ ዛሬ ግን ደመወዝም፣ የእህል ዋጋም፣ ከዓረብ አገር የሚላከው የልጅ ድጋፍም በዚያው ቍጥር ላይ በሚያርፍበት ጊዜ፣ ምሥጢሩን ሌላ ሰው የሚያውቅለት ባለ ስልክ የራሱን ገንዘብ ቍልፍ በሰው እጅ ያኖረ ነው። እንግዲህ የንግግሬ ዓላማ ይህ ነው፤ ስልኩን ያስተካከለላችሁ ማንም ይሁን ማን፣ ምሥጢሩ የእናንተ ብቻ ይሁን ለማለት ነው።

ስልክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የስልክ መሥመር ማስዘርጋት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ስልክ ማለት በግንድ ላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚመጣ ድምፅ ሆኖ ኖረና፣ በ1991 ዓ.ም. የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ተጀመረ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሲያወጣ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምርና በዚያው ዓመት ማብቂያ ኤምፔሳን ሲያስከትል፣ ስልኩ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ መያዣ ሆነ። ለዚህም ትልቁ ስልክ ግድ አይደለም፤ ተራው ስልክ ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ ሲደወልበት የቴሌብርን ዝርዝር ይዘረግፋል። የታሪኩን ነገር እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ሥራው ልግባ።

አዲስ ስልክ በእጃችሁ ሲገባ ከሁሉ አስቀድማችሁ ክዳኑን በጥፍራችሁ ከፍታችሁ ባትሪውን አውጡ። ባትሪው ከነበረበት ቦታ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያላችሁ፤ በዚያ ወረቀት ላይ 15 አኃዝ ያለው ቍጥር ተጽፏል። ይህ ቍጥር የስልኩ መታወቂያ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ሌላ ስልክ ይህን ቍጥር እንዲይዝ አይገባውም። ወረቀቱ ተልጦ የጠፋ እንደ ሆነ ስልኩን አብርታችሁ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትነኩ ቍጥሩ ራሱ በፊታችሁ ይወጣል። የሚወጣው ቍጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር ካልተስማሙ፣ በተለይ ስልኩ ከመንገድ ላይ ወይም ከሰው እጅ የተገዛ ከሆነ፣ የሻጩን ነገር መጠርጠር ተገቢ ነው። ቍጥሩን በወረቀት ገልብጣችሁ ከመግዣው ደረሰኝ ጋር በአንድነት አኑሩት። ስልክ የተሰረቀበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ጥቍር ስልክ ነው» ከማለት በቀር የሚናገረው ሲያጣ ማየት የተለመደ ነገር ስለሆነ ነው ይህን ማስቀደሜ።

ሲም ካርድ የሚገኘው መታወቂያ አሳይቶ በራስ ስም በማስመዝገብ ነው። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቈይበት እወዳለሁ። በሰው ስም በወጣ ቍጥር መጠቀም የሚመች ይመስላል፤ ወረፋ የለው፣ ድካም የለው። ዳሩ ግን ያ ካርድ የጠፋ ቀን ምትክ የሚሰጠው በስሙ ለተመዘገበው ሰው እንጂ ለእናንተ አይደለም፤ በቍጥሩ ላይ ያለው ገንዘብም እንዲሁ። በተገላቢጦሹም በስማችሁ ያወጣችሁትን ካርድ ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ ብትሰጡ፣ ያ ሰው በቍጥሩ ቢያታልልበት ወይም ቢዝትበት ሕግ አስቀድሞ የሚፈልገው የእናንተን ስም ነው። ዝምድና ሌላ፣ ምዝገባ ሌላ።

ሲም ካርድ በሦስት መጠን ይቈረጣል። ትልቁ 25 ሚሊ ሜትር በ15፣ መካከለኛው 15 በ12፣ ትንሹ 12.3 በ8.8 ነው። ተራው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ወይም መካከለኛውን ይሻል። ትንሹን ቈርጠው አውጥተው በትልቁ ቦታ ያለ ማቀፊያው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ካርዱም ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ስልኩ «ሲም ያስገቡ» እያለ ያስቸግራቸዋል፤ አንዳንዴም ከውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ጥርሶች ይሰብርባቸዋል። ካርዱ በወርቅ ቀለም የተለበጠው ፊቱ ወደ ታች፣ የተቈረጠው ማዕዘኑ በቦታው ላይ በተሳለው ምልክት አቅጣጫ ሆኖ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ይገባል። ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ከሆነ ብዙ የምትደውሉበትን በመጀመሪያው ቦታ አድርጉት። ካርዱ ተቈርጦ የወጣበትን ትልቁን ፕላስቲክ ግን አደራ እንዳትጥሉት፤ ቀጥሎ የምናገረው ስለ እርሱ ነውና።

በዚያ ፕላስቲክ ላይ ሁለት ቍጥሮች ታትመዋል፤ አንደኛው ፒን፣ ሁለተኛው ፑክ ይባላል። ፒን አራት አኃዝ ያለው የሲም ካርዱ ምሥጢር ቍጥር ነው፤ ስልኩ ሲበራ እንዲጠይቅ ሆኖ ከተዘጋጀ፣ ቍጥሩን የማያውቅ ሰው በካርዱ ሊደውልም ሊቀበልም አይችልም። ይህን ቍጥር ሦስት ጊዜ የሳተ ሰው ካርዱ ይቈለፍበታል፤ ያን ጊዜ የሚከፍተው ስምንት አኃዝ ያለው ፑክ ነው። ፑክን ደግሞ ዐሥር ጊዜ የሳተ እንደ ሆነ ካርዱ እስከ ወዲያኛው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ መታወቂያ ይዞ ምትክ ማውጣት ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ስለዚህ ስልኩ ፑክ ሲጠይቃችሁ በግምት አትሞክሩ፤ «ሞክረው እስቲ» የሚላችሁንም አትስሙ። ፕላስቲኩ ከጠፋባችሁ ለኢትዮ ቴሌኮም ካርድ በ994 ደውላችሁ ወይም ወደ አገልግሎት መስጫው ሄዳችሁ ማንነታችሁን ካስረዳችሁ ይነግሯችኋል።

ከፒን በቀር ሌሎች ሁለት ምሥጢሮች አሉ፤ ሰው ሁሉ እያደባለቀ የሚቸገረውም በእነዚህ ነው። አንዱ የስልኩ የራሱ መቈለፊያ ነው፤ ይህ ስልኩን ይጠብቃል እንጂ ካርዱን አይጠብቅም፤ ሌባ ካርዱን አውጥቶ በሌላ ስልክ ቢከተው የስልኩ መቈለፊያ አይከለክለውም። ሌላው የገንዘቡ ምሥጢር ቍጥር ነው፤ ቴሌብር ወይም ኤምፔሳ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የሚጠይቀው ማለት ነው። ሦስቱን ለይቶ ለማሰብ የቤተ ክርስቲያናችንን አሠራር ማስታወስ ይበቃል፤ ምእመናን ሁሉ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት አለ፤ ከዚያ ዘልቆ ቅድስት አለ፤ ከሁሉ ውስጥ ካህናት ብቻ የሚገቡበት መቅደስ አለ። የስልኩን መቈለፊያ ቤተሰብ ቢያውቀው ችግር የለውም፤ ድንገት ታማችሁ ብትወድቁ ዘመድ የሚጠራው በእርሱ ነው። የሲም ፒኑን ምናልባት አንድ የሚታመን ሰው ይወቀው። የገንዘቡን ምሥጢር ግን ልጅም ይሁን ባለቤት፣ የባንክ ሠራተኛም ይሁን የቴሌ ሠራተኛ፣ ከባለ ገንዘቡ በቀር ማንም ሊያውቀው አይገባም።

ምሥጢር ቍጥር ስንመርጥም 1234፣ 0000፣ የልደት ዓመት፣ ወይም የስልካችን ቍጥር መጨረሻ ከሆኑት እንሽሽ። የልደት ዓመታችን በመታወቂያችን ላይ ተጽፏል፤ መታወቂያችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስልካችን ጋር በአንድ ኪስ ነው።

አሁን ባትሪውን መልሳችሁ ክዳኑን ግጠሙና ስልኩን ቻርጅ አድርጉት። «አዲስ ባትሪ ስምንት ሰዓት ሳይነቀል ይሞላ» የሚለው ምክር ቀድሞ ለነበረው ለሌላ ዓይነት ባትሪ የተነገረ ነው፤ የዛሬው ሊቲየም ባትሪ እስኪሞላ መጠበቅ ይበቃዋል፤ እንዲያውም እስከ መጨረሻው ጠብታ እየተሟጠጠ ሁልጊዜ መጥፋቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። መብራት በሚመላለስበት ሠፈር የምትኖሩ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ረግቶ እስኪቆም ታገሡ። ቻርጀርን የሚያቃጥለው በብዛት ከጨለማው በኋላ ከልክ በላይ ሆኖ ድንገት የሚገባው ኃይል ነው።

ባትሪው ያረጀ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያሻም። አውጥታችሁ በለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋ ጎኑ አስተኙትና በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። ደኅነኛው ባትሪ ጠረጴዛውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ይቆማል፤ ሆዱ ያበጠው ግን በመካከሉ ቆሞ ይዞራል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና በጥርስ መንከስ፣ በመርፌ መብሳት፣ በድንጋይ ጠፍጥፎ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ስላሉ ነው የምናገረው። ሕፃን በተኛበት አልጋ ላይና ከትራስ ሥር ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ማደርም እንዲሁ ይቅር፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

በቈላና በገደላ ገደል ያላችሁ አድማጮች ደግሞ «ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል» ብላችሁ ስታማርሩ ይሰማል። በደሉ ሁልጊዜ የባትሪው አይደለም። ስልክ ከኔትወርኩ ምሰሶ ሲርቅ ድምፁን ለማድረስ ኃይሉን ያበዛል፤ በዚህ ዓይነቱ ስልክ ላይ ይህ ኃይል እስከ 2 ዋት ሊደርስ ይችላል፤ ለምሰሶው በቀረበ ጊዜ ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ይሠራል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ የሚውል ስልክ በምሽት ባዶ ቢሆን አይደነቅም፤ እዚያ አጥፍቶ መያዝ፣ ኮረብታው ላይ ሲደረስ ማብራት ነው።

ስልኩ ሲበራ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቋንቋና ሰዓት ነው። አማርኛ ያለበት ስልክ ዛሬ ብዙ ነው፤ በቍልፎቹ ላይ ፊደል የተቀረጸባቸውም አሉ፤ ስለዚህ አማርኛውን ምረጡ። ሰዓቱ ግን ብዙ ሰው ያደናግራል። ስልኩ የሚቈጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ በእኛና በእርሱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ኪዳን ለመድረስ ወይም ለመንገድ ለመውጣት የፈለገ ሰው ማንቂያውን 11 ላይ ቢያደርገው ስልኩ የሚጮኸው ከጧቱ 5 ሰዓት፣ ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቈይታ ነው፤ ማድረግ የነበረበት 5 ላይ ነው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቈጣጠር የሚሞሉ ሰዎችም አሉ፤ አይከፋም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ስልኩ ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጧት ጎሕ ሲቀድ ስለሚሆን ከአባቶቻችን ልማድ ጋር ይስማማል። ብቻ ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርኩ ራሱ የሚያርም ከሆነ ማንቂያው እንዳያሳስታችሁ፣ ያን ማረሚያ ማጥፋት አትርሱ።

ስም ስትመዘግቡ ቍጥሩን ከነአገሩ መለያ ጻፉት፤ በ09 ወይም በ07 ከመጀመር ይልቅ በመደመር ምልክት 251 ብላችሁ ዜሮውን ትታችሁ ቀጥሉ። ይህን የለመደ ሰው ጅዳም ቢሄድ፣ ቤይሩትም ቢሄድ፣ ቴል አቪቭም ቢሄድ የቤተሰቡ ቍጥር ሳይታረም ይሠራለታል። የመደመሩ ምልክት በብዙ ስልክ ላይ የሚገኘው ዜሮን ወይም ኮከብን ተጭኖ በመቈየት ወይም ደጋግሞ በመንካት ነው። ስሙ ላይ ደግሞ «ልጄ ዱባይ»፣ «ባለቤቴ»፣ «እማዬ» ከማለት የሰውየውን ስም ብቻ መጻፍ ይሻላል፤ ስልኩ በሌባ እጅ የገባ እንደ ሆነ «ልጄ ዱባይ» የሚለው ጽሑፍ ለሌባው ማንን ማስጨነቅ እንዳለበት ይነግረዋልና። ከስሞቹ ጋር ለፖሊስ 991ን፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን፣ በአዲስ አበባ ላላችሁ ለእሳት አደጋ 939ን አስገቡ።

ማንበብ ለማይችሉ፣ ዓይናቸው ለደከመም ስልኩ ያሰበላቸው ነገር አለ። በ5 ቍጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ጥቂት ጕብታ አለች፤ እርሷን መካከል አድርጎ በዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ በጨለማም መቍጠር ይቻላል። በ2 ላይ ልጅን፣ በ3 ላይ ጎረቤትን አስይዞ ቍልፉን ተጭኖ በመቈየት ብቻ መደወልም እንዲሁ። ይህን የሚያስተካክል ልጅ ካለ አንድ ጊዜ ያስተካክልና አያቱን ደጋግሞ ያስለምዳቸው፤ ማስለመዱን ትቶ ማስተካከሉን ብቻ ከጨረሰ ግን ሥራውን አልሠራም።

ስለ ጽሑፍ መልእክት አንድ ቃል ብቻ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ግን 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈው እንደ ተጨማሪ መልእክት ይቈጠራል። በበዓል ቀን ረዥም የመልካም ምኞት ቃል የሚልኩ ወዳጆቻችን ሂሳባቸው ያለቀበት ምክንያት ይህ ነው። ደብዳቤ መጻፍ የለመደ ትውልድ በ70 ፊደል ሰላምታውን እንኳ አይጨርስምና እኔ ለራሴ መደወሉን እመርጣለሁ።

ወደ አታላዮች ነገር ስንመጣ ማዝገም ይገባናል። የተንኰሉ ብዛት አያልቅም፤ ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ሰውን ማስቸኰል ነው። አንዱ ይደውልና «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ ዕጣ ደርሶዎታል» ይላል፤ ዕጣውን ለመቀበልም የመቶ ብር ካርድ ገዝታችሁ፣ ፍቃችሁ፣ ቍጥሩን እንድታነቡለት ይለምናል። የካርድ ቍጥር ማለት ገንዘብ ማለት ነው፤ ያነበበለት ሰው መቶ ብሩን በጆሮው አስረከበው ማለት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ካርድ የሚሞላው ባለቤቱ በራሱ ስልክ ላይ ኮከብ 805 ኮከብ ብሎ፣ የተፋቀውን ቍጥር አስከትሎ፣ በመሰላል ዘግቶ ሲደውል ነው፤ ገብቶ እንደ ሆነም ኮከብ 804 መሰላል ብሎ ይመለከታል። ለዚህ የሌላ ሰው ጆሮ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የበለጠ ረቂቅ ነው። «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ጥቂት ቈይቶ አንድ ሰው በሚያሳዝን ድምፅ ይደውልና «እባክዎ ተሳስቼ ነው የላክሁት፤ የታመመ ሰው አለብኝ፤ ይመልሱልኝ» ይላል። ደግ ሰው ደንግጦ ከገዛ ገንዘቡ ይልካል፤ ኋላ ሲያይ የገባ ነገር የለም፤ ጽሑፉም የመጣው ከአገልግሎቱ አጭር ቍጥር ሳይሆን ከተራ የስልክ ቍጥር ነበር። የሚታመነው ጽሑፉ አይደለም፤ የሚታመነው ራሳችሁ ደውላችሁ የምታዩት ቀሪ ሂሳብ ነው። በእውነት በስሕተት ገብቶ ከሆነም ሰውየው ወደ አገልግሎት ሰጪው ሄዶ በሥርዓቱ ያስመልሰው፤ በዚህ ምክንያት ክፉ ሰው የሚላችሁ የለም።

ሦስተኛው እጅግ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነው። የደወለው ሰው «ኔትወርክዎን ላስተካክልልዎ» ብሎ በኮከብ 21 ኮከብ ጀምራችሁ፣ አንድ ስልክ ቍጥር አስከትላችሁ፣ በመሰላል እንድትዘጉት ያዝዛችኋል። ይህ ምልክት በዓለም ሁሉ ባሉ ስልኮች ላይ ትርጕሙ አንድ ነው፤ ወደ እኔ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ቍጥር ይሂድ ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚደውልላችሁ ሰው ሁሉ የሚያገኘው አታላዩን ነው፤ እርሱም በእናንተ ስም «ታምሜያለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» ሊል ይችላል። ስልካችሁ ድንገት ዝም ካለና «ደውለን ሌላ ሰው አነሣ» የሚሏችሁ ከበዙ፣ መሰላል መሰላል 002 መሰላል ብላችሁ ደውሉ፤ ጥሪ ማዞሪያው ሁሉ ይሰረዛል። ይህችን በወረቀት ላይ አስፍሯት።

ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ የሚጠፋ፣ መለያው የማታውቁት አገር የሆነ ጥሪ ደግሞ አለ። መልሶ እንዲደወልለት ነው የሚፈልገው፤ መልሳችሁ ስትደውሉ በደቂቃ የሚከፈለው ውድ ዋጋ ከፊሉ ለዚያ ቍጥር ባለቤት ይደርሳልና። በውጭ አገር ያለ ዘመዳችሁ ከሆነ ደግሞ መደወሉ አይቀርም፤ ካልደወለም በመዘገባችሁት ቍጥሩ ራሳችሁ ጠይቁት። ይኸው ሥርዓት «ልጅዎ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ነው፤ ቶሎ ገንዘብ ላኩ» ለሚሉት ሁሉ ይሠራል፤ ስልኩን ዝጉና ልጃችሁን በራሱ ቍጥር ጥሩት።

ስልክ ውኃ የነካው እንደ ሆነ ለማብራት አትቸኵሉ፤ ባትሪውንና ሲሙን አውጡ፤ ውኃውን አራግፉ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ሁለት ቀን ያህል አቈዩት። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ፕላስቲኩን ያጣምማል እንጂ ውስጡን አያድንም።

ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ የመጀመሪያው ሥራ ስልኩን መፈለግ አይደለም፤ ካርዱን ማዘጋት ነው። በሰው ስልክ ወዲያው ለአገልግሎት ሰጪው ደውላችሁ ቍጥሩን አዘጉ፤ ከዚያ መታወቂያ ይዛችሁ ምትክ አውጡ፤ ምትኩ እንደ ወጣም የገንዘቡን ምሥጢር ቍጥር ለውጡ። ከዚህ በኋላ ነው 15 አኃዝ ያለውን ቍጥር ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ። በዚያች በመጀመሪያዋ ሰዓት ግን የሁለት ሦስት ዘመዶችን ቍጥር በቃል ወይም በወረቀት የማያውቅ ሰው ለማን እንደሚደውል ግራ ይገባዋል፤ ሁሉም የነበረው በጠፋው ስልክ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ ምሥጢር ቍጥሮቹን ግን በዚያ ወረቀት ላይ አትጻፉ።

አሮጌውን ስልክ ለሰው ስትሰጡም ወይም ስትሸጡ ሲሙን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ስሞችና መልእክቶች በስልኩ ማኅደር ውስጥ ይቀራሉና ከማስተካከያው ገብታችሁ ሁሉንም አጥፉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምትረሱት ነገር ቢኖር አሮጌው ቍጥር ነው። ረዥም ጊዜ ሳይሠራ የቀረ ቍጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እኅቶቻችንና ቍጥር የሚቀይሩ ሁሉ ይህን ያስቡ። ባንካችሁ ግን አሮጌውን ቍጥር የእናንተ ነው ብሎ መልእክቱን መላኩን ይቀጥላል፤ ገንዘባችሁን የሚያንቀሳቅሰው የማረጋገጫ ቍጥር ሳይቀር ወደማታውቁት ሰው ይደርሳል። እንግዲህ ቍጥር የምትለውጡ አድማጮች አሮጌውን ካርድ ከመጣላችሁ በፊት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ባንካችሁ ቅርንጫፍ ጎራ በሉና አዲሱን ቍጥር አስመዝግቡ፤ አሮጌው መሰረዙንም፣ የባንኩ መልእክት በአዲሱ ቍጥር መምጣቱንም አረጋግጡ።